የባከነ ሰዓት

ሃያ ስድስት ዓመት በፊሽካ የኖርሁ ሰው፣
ሳንባ እንዳለኝ እንኳ አስቤ የማላውቀው፣
ከቀኙ አንዱን ክፍል ከነካንሰሩ ቆርጠው፣
ጎኔን በክር ሰፍተው፣ ቱቦ አስቀምጠው፣
በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ባንቺአየሁ መጣች፤
"ጋሽ እንየው፣ ይነሡ! ይራመዱ" አለች።

መራመድ! ለእኔ ነው? ዘጠና ደቂቃ
ኳስ ሲሄድ የሄድሁ፣ እግሬ ሳይል በቃ?
ከአልጋው ጫፍ እስከ በር ትንፋሼ አበቃ።

ቱቦው ከነጠርሙሱ፣ በእጄ እንደ ዘንቢል፣
ደም የቀላቀለ ውሃ ውስጡ ጠብ ጠብ ሲል፣
አምስት እርምጃ ሄድሁ።
በስድስተኛው ግድግዳ ያዝሁ።

"ከንፈርዎን ሞጥሞጥ፤ እንደ ትኩስ ሾርባ
እፍፍ እያሉ ያውጡት፤ በአፍንጫ ነው የሚገባ።
ማውራት ከቻሉማ ይሂዱ፣ ግድ የለም፤
ቃል ሲቆራረጥ ነው ዳኛም ቢሆን የሚቆም።"

ሦስት ትንንሽ ኳስ በፕላስቲክ ሰጡኝ፣ በትንፋሼ ስቤ ላነሣቸው፤
አንዷ ዘለል አለች፣ ሁለቱ ንቅንቅ አላሉም ከቦታቸው፤
ተጫዋች ቢሆኑ ቢጫ ነበር ቅጣታቸው።

*

ፍኖተ ሰላም ገባሁ። የአገሬ ስም መንገድ ነው፤ ፍኖት።
ከደጄ እስከ ማንጎው ያለችው መሬት ግን
ያን ሰሞን ሆነችብኝ የአንድ ወረዳ ርዝመት።

የመብራት ምሰሶ ነው የምቆጥረው።
ሰኞ አንድ። ማክሰኞም አንድ። ረቡዕ ዘነበ፤ ተውሁት።
ሐሙስ ሁለተኛውን በእጄ ዳሰስሁት።
ዓርብ ሳል ጀመረኝ፤ ትራሴን አቅፌ፣
ስፌቱ እንዳይተረተር፣ ዋልሁ ተደግፌ።

ጎረቤት ይቆጣል፦ "ምነው ብትተኛ!
አልጋ እያለ ለምን ትዞራለህ እንደ ሌሊት ዘበኛ?"
ውድነሽ ከኋላዬ በርጩማ ይዛ ትከተላለች፤
"ደከመህ?" አትለኝም፤ ስቆም ታስቀምጣለች።

አንዳንዱ ቀን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣
እግሬ ሳይሆን ልቤ ነው የሚያስቸግር።
"ተመልሶ ቢመጣስ?" የሚለው ጥያቄ
አምስተኛው ምሰሶ ሥር ያደባል፤ አውቄ
ሳምንት ሙሉ ካራተኛው ተመለስሁ።
ለውድነሽ "ደከመኝ" አልሁ።

*

ሞላልኝ ባጃጁን አጠገቤ ገታ፦
"ግቡ ጋሼ፣ ላድርስዎ።" ድሮ፣ ከቡሬ ጋር በነበረው ጨዋታ
ፍጹም ቅጣት ምት ከልክዬው፣ ሲጮህ ቀይ ያሳየሁት ልጅ ነው፤
ሜዳውን ዞሮ የሰደበኝ፣ ድፍን ከተማ እያየው።

"አልገባም" አልሁት። "በእግርህ ነው የተባልሁ።"
ሞተሩን አጥፍቶ፣ ባጃጁን እየገፋ፣
አብሮኝ ሄደ፤ ጭሱ ደረቴን እንዳያስከፋ።
አምስተኛውን ምሰሶ አለፍነው ስንከራከር፤
"ጠልፎኛል!" "ራስህ ነህ የወደቅህ!"
ቃሌ አልተቆራረጠም ነበር።

*

ጨዋታ ሲቆም፣ የወደቀው ሲታከም፣
ዳኛ ሰዓት ይይዛል፤ የቆመው አይጠፋም።
መጨረሻ ላይ ይጨመራል፤ "የባከነ ሰዓት" ይሉታል፤
ስንት ግብ የገባበትን ማን "የባከነ" ይለዋል?

ለእኔ ስንት እንደተጨመረ ሰሌዳ ያነሣ የለም፤
ሐኪሙን ብጠይቀው ቁጥር አልነገረኝም፤
"በየሦስት ወሩ እንየው" አለኝ ቀና ብሎ፤
ስሜን ጠርቶ ይሁን ቀጠሮ፣ ሳይለይልኝ ወጣሁ ቶሎ።

ዛሬ ሜዳው ዳር ደረስሁ፤ አሥራ አራት ምሰሶ።
ፊሽካዬን ከኪሴ አወጣሁ፣ ክሩ በላብ ጠቁሮ፣ ተበጣጥሶ።
ነፋሁ። ምራቅና ቀጭን ድምፅ፣ ጫጩት የመሰለ፤
ልጆቹ አልሰሙም፤ ኳሱም ወደ ጎል ተንከባለለ።
አንድ ሰው ብቻ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከባጃጁ ወርዶ፣
ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰዶ፣
"ፍጹም ቅጣት ምት ነው! ዳኛ!" እያለ ይጮሃል።
ሳቅሁ። ጎኔን ወጋኝ።
ገና ስፌቱ ያማል።